ሉጥፊያን እንዳለች አንሳልኝ

ሐርቡ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ካርቱም ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ላለኸው ለዛኪር ይድረስ። አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤትና ከካርቱም ሙቀት ይጠብቅህ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ስልክ ብትደውልልኝ እንደ ንብ ቀፎ ከመጮህ በቀር የሚሰማኝ የለም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ያስቆጠሩኝን አላህ ይባርካቸውና ይኸው እንደ ድሮ ሰው በደብዳቤ እንነጋገራለን።

በሾፌሩ በሳሊህ እጅ የላክኸው የሉጥፊያ ፎቶ ደርሶኛል። ግን አንተ ልጅ፣ ምን አድርገህ ነው እንዲህ ያነጣሃት? እኔ የወለድኳት ጠይም ልጅ ናት፤ አንተ የላክህልኝ ከዱቄት ጆንያ የወጣች ፈረንጅ ነው። አፍንጫዋ እንኳ ጠፍቷል! ጎረቤቴ ብርቅነሽ አየችና፣ «ልጅሽ የፊት ቅባት ጀመረች እንዴ?» አለችኝ። ተናድጄ ፎቶውን ከእጇ ቀማኋት።

ቀልዱን ተወውና ቁም ነገሩን ስማኝ። ልጄ ከቤት ስትወጣ እንዳልተስማማን ታውቃለህ። ለኦመር ልጅ ልዳርሽ ስላት አሻፈረኝ ብላ ወደ ካርቱም ተነሳች። እኔም በንዴት፣ «ይህን ደጃፍ ረግጠሽ ከወጣሽ ነይ ብዬ አልጠራሽም» አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሷም የእኔው ልጅ አይደለች? «ካልጠራሽኝ አልመጣም» ብላ ሄደች። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላ። አንዲት መስመር ጽፋልኝ አታውቅም፤ በአንተ በኩል ፎቶ መላክ ግን አልተወችም። እኔም ጤናዋን የማነበው ከፎቶው ነው። ሰዎች በስልካቸው እናሳይሽ ይሉኛል፤ ስልኩ ሲዘጋ ልጄም አብራ ትጠፋብኛለች፣ አልወደውም። እጄ ላይ የሚቀር ወረቀት ነው የምፈልገው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ እንዳለች አንሳልኝ። ከስታም ከሆነ ከስታ፣ ጠቁራም ከሆነ ጠቁራ። ከከፋት ፊቷ ላይ አየዋለሁ፤ ያን ጊዜ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ነይ እላታለሁ። ይህን ለእሷ እንዳትነግራት፣ ትንቀኛለች።

አክስትህ ሬሕማ


ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ፣ መስከረም 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሬሕማ። ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። የሥጋ ዝምድናችን በአያት በኩል ቢሆንም እኔ እርስዎን ከእናቴ ለይቼ አላይም፤ ዱዓዎ አይለየኝ። እዚህ ሙቀቱ አልበረደም። ካህረባው በቀን ስድስት ሰዓት ይጠፋል፤ መብራት በሌለበት ፎቶ ቤት ከፍቶ መቀመጥ ምን እንደሚመስል እርስዎ ይገምቱት።

ስለ ንጣቱ መቆጣትዎ ልክ ነው። ሰበቡን ግን ልንገርዎ። የወሎ ልጆች ዕረፍታቸው ጁምዓ ነው። ከሚሠሩበት ከካፉሪና ከዐማራት ሰፈር፣ እናንተ ባጃጅ በምትሉት በርቅሻ ተጭነው ይመጡና «የቤተሰብ አንሳን» ይሉኛል፤ ለቤተሰብ የሚላከውን ማለታቸው ነው። የቤተሰብ ፎቶ የራሱ ሕግ አለው፤ ቀዩ ሶፋ፣ የፕላስቲክ አበባው፣ እጅ ላይ ስልክ፣ ሁለቱም መብራት ፊት ለፊት። ከሁለት ወገን ብርሃን የመታው ፊት ጥላ የለውም። ድካም አይታይ፣ ሽብሽብ አይታይ፣ ከዓይን ሥር ያለ ጥቁረት አይታይ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ወለል ስትወለውል የከረመች ልጅ ትናንት የተዳረች ሙሽራ ትመስላለች። እናቷም አይታ ደስ ይላታል። እዚህ ያለን ፎቶ አንሺዎች ሁላችንም እንዲህ ነው የምንሠራው፤ ይኼ ውሸት ነው ያለን ሰውም የለም። እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።

የአሁኑን ግን በሌላ መንገድ አነሳኋት። ያን ቀን ካህረባ አልነበረም። በቀኟ በኩል ባለው መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳትና ሌላውን መስኮት በጥቁር ጨርቅ ከለልኩት። ጠይምነቷ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ጉንጯ ላይ ያለችው ትንሽ ጠቃጠቆ ሳትቀር ትታያለች። ግራው ወገን ወደ ጥላው ገባ። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ዋላሂ እንዲህ ያለ ፎቶ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። አፍንጫዋንም መልሼልዎታለሁ።

ሉጥፊያ ደህና ናት። ሥራ ትንሽ በዝቶባታል እንጂ ምንም አትል።

ልጅዎ ዛኪር


ሐርቡ፣ ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዛኪር። የአላህ ሰላም ካለህበት ይድረስህ፤ እጅህንም ይባርክልህ። ፎቶውን ሳሊህ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ልጄን አገኘኋት! ብርቅነሽ እንኳ አየችና ዝም አለች። እሷን ዝም ያሰኘ ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም።

ግን ካየሁት በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። ግራ ፊቷ የት ሄደ? ፎቶውን ይዤ ወደ ደጅ ወጣሁ፣ ፀሐይ ላይ ይዤ አየሁት፣ መነጽር ተውሼ አየሁት። ጨለማ ነው። ዓይኗን ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣሁት። ድሮ ሁለቱንም ጎን አብርተህ ታነጣት ነበር፤ አሁን ደግሞ እንዳለች አንሳልኝ ብልህ ግማሿን ወሰድክብኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ግራ ፊቷ ላይ ምን አለ? የመታት ሰው አለ? በአላህ ይሁንብህ ንገረኝ። አንዳች ነገር ካለ አሁኑኑ እጠራታለሁ። ያን የጋብቻ ነገርም አላነሳባትም፤ የኦመር ልጅ አግብቶ ሁለት ወልዷል፣ ምን ቀረን?

ስለ እኔስ የምትለው ነገር አለ? ካለ ክፉም ቢሆን ጻፍልኝ።

አክስትህ ሬሕማ


ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ። አሰላሙ ዐለይኩም፣ አላህ ሐሳብዎን ያቅልልዎ። ደብዳቤዎ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ እኔም ለመመለስ ቆየሁ፣ አይቀየሙኝ።

አብሽሩ፣ ምንም የለም። ይኼ የአነሳስ ነገር ነው። ጥላ የሌለው ፊት ሜዳ ነው፤ አፍንጫውን፣ ጉንጩን፣ አገጩን ከፍ አድርጎ የሚያወጣው ጨለማው ነው። የትልልቅ ከተማ ፎቶ አንሺዎች ሆን ብለው ግማሽ ፊት ይተዋሉ፤ የሚያየው ሰው ቀሪውን በሐሳቡ ይሙላው ብለው ነው። ጥፋት ካለብኝ በግራዋ በኩል ነጭ ካርቶን አለማቆሜ ነው። ካርቶኑ ከመስኮት የሚመጣውን ብርሃን መልሶ ይረጨው ነበርና ዓይኗን ትንሽ ያሳይዎት ነበር። ሌላ ጊዜ አስተካክላለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ስለ እርስዎ ብዙ አታወራም። ግን ፎቶው መድረሱን በስልክ ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች። ደርሷል አልኳት።

ልጅዎ ዛኪር


ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ፣ የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ሬሕማ። ሰላምታ ለማቅረብ አፍ የለኝም። መልስዎን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው።

ያለፈው ጁምዓ ሉጥፊያ ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷ፣ ጉርድ ፎቶ ፈልጋ መጣች። የኢቃማ ፎቶ ላይ ሁለቱም ዓይን፣ ሁለቱም ጆሮ እኩል መታየት አለበት፤ መደበቂያ የለውም። መብራቱን ይዤ በቀኟ በኩል ሳሳልፍ ዓይኗ ተርገበገበ። በግራዋ ሳሳልፍ ዝም አለ። መልሼ አቀረብኩት፤ አምፖሉ ከጉንጯ አንድ ስንዝር ላይ ነው፣ ወላ ምንም! «ሉጥፊያ፣ ይኼ አይታይሽም?» አልኳት። «ከኅዳር ጀምሮ አይታየኝም» አለችኝ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ።

እውነቱን ልንገርዎ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ካፉሪ በምትሠራበት ቤት መታጠቢያ ክፍሉን ስታጸዳ የተደፈነ ቱቦ መክፈቻው አሲድ ግራ ዓይኗ ውስጥ ተፈናጠቀ። ማዳሟ ጠብታ ገዝታ ሰጠቻት፤ ሉጥፊያም ሥራዋን ቀጠለች። መስከረም ላይ እኔ ዘንድ ስትመጣ ሽፋኑ አብጦ፣ ዓይኗ ደም መስሎ ነበር፤ ብሌኗ ላይም ወተት የመሰለ ነገር ጀምሮት ነበር። ሶፋው ላይ ተቀመጠችና፣ «ዛኪር፣ ዓይኔን በደንብ አሳይልኝ፤ እማ ትየው» አለችኝ። የእርስዎም ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እንዳለች አንሳልኝ ይላል። ሁለታችሁም የለመናችሁኝ አንድ ነገር ነው። እኔ እሺ አልኳትና ብርሃኑን በቀኟ አደረግሁት። ካህረባ አልነበረም ያልኩዎትም ውሸት ነው፤ ነበር። ያን መስኮት በጥቁር ጨርቅ የከለልኩት ዓይኗን ለመሸፈን ነው። እሷ ፎቶውን አላየችውም፤ በዚያው ሳምንት ለሳሊህ ሰጠሁት።

ለምን? እኔም ራሴን ስጠይቅ ሰነበትኩ። እናት ከሩቅ ሆና እንዲህ ያለ ዓይን ብታይ ምን ይውጣታል አልኩ። ቶሎ ይድናል አልኩ። ደግሞ አልዋሽዎትም፣ ከዛኪር ቤት አስቀያሚ ፎቶ አይወጣም የሚል ኩራት አለብኝ። ጥላው ፊቷ ላይ ሲወድቅ ሳይ በጣም አማረኝ፤ በጉንጯ ተመስጬ የልጅቷን ዓይን ረሳሁት።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። «በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብትመጣ ኖሮ» አለና ሳይጨርሰው ተወው። አክስቴ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ምን ቅጣት እንደሚገባኝ አላውቅም።

ዛኪር


ሐርቡ፣ የካቲት 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ዛኪር፣ ሰላምታ አልጽፍልህም። የዚህን ወረቀት ታችኛውን ክፍል ቀድደህ ለእሷ ስጣት። የምለው ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ሉጥፊያ፣ ልጄ፣ ነይ። የያዝሽውን ጥለሽ ዛሬውኑ ነይ። እናትሽ።


ሐርቡ፣ መጋቢት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዛኪር። ሰላም ለአንተ ይሁን። ረመዳን ነውና ቂም ይዤ ጾሜን አላበላሽም ብዬ ነው የጻፍኩልህ እንጂ አልቀለለኝም።

ሉጥፊያ ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ስትጠራኝ አልሰማሁም፤ ዞር ስል ነው ያየኋት። ያን አንተ ያልላክህልኝን ጎን ነው መጀመሪያ የሳምኩት። አፈር ልብላ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስጠብቅ ነበር?

እዚህ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር የለም፤ ጆሮዬ ላይ ጮኻ ስለምታወራኝ ብርቅነሽ ከአጥር ማዶ ሁሉን ትሰማለች። በአራተኛው ቀን፣ «ለምን አንዲት ቃል አልጻፍሽልኝም?» አልኳት። «ፎቶውን ላክሁልሽ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ይቺን ግን አልጮኸችም፤ ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት።

ገባህ ዛኪር? ልጄ ዓይኗን አይቼ አምስት ወር ዝም ያልኳት ይመስላታል። ጠፍቶ ካበቃ በኋላ ነይ ያልኳት ይመስላታል። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር! ውኃ ትቀዳለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ የላክኋትን ሁሉ ታመጣለች፤ የምታየኝ ግን እንደ ካፉሪዋ ማዳም ነው።

ፎቶውን ላሳያት ሁለቴ ከሳጥን አወጣሁት፣ ሁለቴ መለስኩት። ሰው በጠየቃት ቁጥር፣ «ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ ዛኪር ነው፣ አውቶቡስ ላይ ያሳፈረኝ ዛኪር ነው» ትላለች። ባሳያት አንተን ታጣለች። እኔ ብነግራት ደግሞ ራሴን ለማዳን የምቀባጥር ይመስላታል። አንተ ለእኔ ነገርኸኝ፣ ለእሷ ግን አልነገርካትም።

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልህም። ግራ ፊቷ የት አለ ብዬ የጠየቅሁ ሴት፣ መልስህ ሲመጣ ደስ አለኝ። ካርቶን ምናምን ስትለኝ አመንኩህ፣ ማመን ፈልጌ ነበራ! ያን ጊዜ ነይ ከማለት ተረፍኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን ግን አንተው በእጅህ ጻፍላት። እለምንሃለሁ።

አክስትህ ሬሕማ


ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሉጥፊያ። አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳኑን አላህ ይቀበልሽ።

ከማንበብሽ በፊት የመስከረሙን ፎቶ ከእናትሽ ተቀብለሽ እዪው። አየሽው? ዓይንሽ የለበትም። እናትሽ አላየችም፤ እንዳታይ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንቺ አሳይልኝ እያልሽኝ ብርሃኑን ወስጄ በሌላኛው ጎንሽ አደረግሁት።

ፎቶው ሲደርሳት ነገሩ ከንክኗት ጽፋልኝ ነበር። ደብዳቤዋን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፤ የእጅ ጽሑፏን ታውቂዋለሽ፣ ቀኑንም እዪው። አሁኑኑ እጠራታለሁ ትላለች። ምንም የለም ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ። ከፎቶው ጋር እውነቱን ብጽፍላት ኖሮ ቢያንስ ለታኅሣሥ እናትሽ ቤት ነበርሽ። ያ ለዓይንሽ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም። ፎቶውን ባነሳሁሽ ዕለት በራሴው እግር ሐኪም ዘንድ ብወስድሽ ግን ይበቃ ነበር።

በወረቀት ይቅር በይኝ አልልሽም። ሳሊህ ነገ ጁምዓ ይወጣልና ደብዳቤው ይቅደመኝ። እኔ ለዒድ የተነሱ ሰዎችን ፎቶ አስረክቤ ቅዳሜ እነሳለሁ፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ። የምትይኝን ሁሉ ፊትሽ ቆሜ እሰማለሁ።

ዛኪር


ሐርቡ፣ ሰኔ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዛኪር፣ አላህ ካለህበት ይጠብቅህ። ይህን በማን እጅ እንደምልከው አላውቅም። እመጣለሁ ባልክበት ቅዳሜ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። ሳሊህ ከድንበሩ ከገላባት ወዲያ መኪናውን አያሻግርም፤ ስልክህንም ብርቅነሽ በየቀኑ ትሞክርልኛለች፣ አይጠራም። ቢሆንም ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ደብዳቤህ ደርሷል። ሉጥፊያ ፎቶውን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች፣ ቀኝ ዓይኗ ሥር አስጠግታ ብዙ አየችው። «ቆንጆ ነበርኩ እኮ» አለች። ከዚያ የኅዳሩን ደብዳቤዬን አነበበች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ስትጨርስ መጥታ ጭኔ ላይ ተኛች። አልቅሰን፣ አልቅሰን ወጣልን። አሁን ትቆጣኛለች፣ ወጥሽ ጨው በዛው ትለኛለች፣ አልሐምዱሊላህ።

አንተን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትረግምህ ነው የከረመች፤ ዋሽቼ አላባብልህም። በሦስተኛው ሳምንት ምሳ እየበላን ሳለ እጇን ከማዕዱ አነሳችና፣ «ዛኪር ግን የት ደርሶ ይሆን?» አለች።

ከሱዳን የሚሸሹት በመተማ በኩል እየገቡ ነው። ሉጥፊያ ማክሰኞና ቅዳሜ ኮምቦልቻ መነኸሪያ እየሄደች ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ ታስቆማለች። «ሐጅ ዩሱፍ ፎቶ ቤት ያለውን ዛኪርን አላያችሁም?» ትላለች። «ፎቶው አለሽ? እስቲ አሳይን» ይሏታል። ሳጥኑን ገልብጠን፣ ፍራሹን አንስተን ፈለግን። በሦስት ዓመት የላክህልን የእሷ ፎቶ አሥራ አራት ነው። የአንተ አንድም የለም። ረጅም ነው፣ ከሲታ ነው፣ ቀኝ እጁ ላይ የአምፖል ቃጠሎ አለው እያለች በቃሏ ትነግራቸዋለች።

አክስትህ ሬሕማ